ቱርጉድ ማርሻልና የምርጫ መብት ሙግት

ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የክፍል ጓደኞቻችን ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦር አለቆችና ስለ ሳይንስ ሊቃውንት ጽፈዋል። እኛ የመረጥነው የአንድ ጠበቃን ሕይወት ነው። እኒህ ሰው ቱርጉድ ማርሻል ይባላሉ። በአሜሪካ የጥቁርና የነጭ ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት እንዲማሩ ያስፈረዱ ሰው መሆናቸውን ብዙዎች ያውቃሉ፤ እኛም ከዚህ ቀደም የምናውቀው ይህንኑ ብቻ ነበር። ታሪካቸውን ስንመረምር ግን ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የሳበው ስለ ምርጫ መብት ያደረጉት ሙግት ሆነ። በዚህ ሙግት ውስጥ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አገኘን፤ እርሳቸው በፍርድ ቤት እየረቱ፣ ከተሟገቱላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ግን መምረጥ ሳይችሉ ይቀሩ ነበር። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ለመጻፍ እንሞክራለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ማርሻል በሜሪላንድ ግዛት በባልቲሞር ከተማ ጁላይ 2 ቀን 1908 ተወለዱ። የቀድሞ አያቶቻቸው በባርነት የኖሩ ነበሩ። አባታቸው ዊልያም በባቡር ላይ የምግብ አስተናጋጅ፣ እናታቸው ኖርማ ደግሞ አስተማሪ ነበሩ። አባትየው ብዙ ባይማሩም ፍርድ ቤት ገብተው ሙግት መስማት ይወዱ ነበርና ልጆቻቸውን እያስከተሉ ይሄዱ ነበር፤ ማታም በገበታ ዙሪያ ልጆቹ ለሚናገሩት ነገር ሁሉ ማስረጃ እንዲያቀርቡ ያስገድዷቸው ነበር። ሲወለዱ የወጣላቸው ስም ቶሮጉድ ነበር፤ ይህን ረጅም ስም መጻፍ ስለ ሰለቻቸው ገና በሕፃንነታቸው ቱርጉድ ብለው አሳጠሩት።

በትምህርት ቤት ረባሽ ነበሩ። ስለዚህም ለቅጣት ወደ ምድር ቤት እየወረዱ የአሜሪካን ሕገ መንግሥት እንዲያነቡ ይታዘዙ ነበር። ቅጣቱ ስለ በዛ ሕገ መንግሥቱን ከሞላ ጐደል በቃላቸው ያዙት። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን እኛም በረበሽን ቍጥር መዝሙረ ዳዊት በቃል እንድናጠና ስለምንታዘዝ ይህን ስናነብ ሣቅን፤ ከእኛ መካከል ግን በዚህ ቅጣት ምክንያት ዘማሪ የሆነ እስካሁን አልተገኘም።

ማርሻል በ1930 ከሊንከን ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ። ሕግ ለመማር ቢመኙም በተወለዱበት በሜሪላንድ ያለው የሕግ ትምህርት ቤት ጥቁር አይቀበልም ነበር። ስለዚህ በየቀኑ በባቡር ወደ ዋሽንግተን እየተመላለሱ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። ለትምህርቱ ክፍያ እናታቸው የጋብቻ ቀለበታቸውን እስከ መስጠት ደረሱ። የሕግ ትምህርት ቤቱ ኀላፊ ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን የተባሉ ጥብቅ ሰው ነበሩ፤ ተማሪዎቻቸውንም የሚያሠለጥኗቸው የዘር ልዩነት ሕጎችን በፍርድ ቤት እንዲያፈርሱ ነበር። ማርሻል በ1933 ከክፍላቸው አንደኛ ሆነው ወጡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ከመምህራቸው ጋር ሆነው ያ እርሳቸውን የማይቀበለው የሜሪላንድ ሕግ ትምህርት ቤት ሌላ ጥቁር ተማሪ እንዲቀበል አስፈረዱ። በ1936 ኤን ዶብል ኤ ሲ ፒ ወደሚባለው የጥቁሮች መብት ማኅበር ገብተው ወደ ኒው ዮርክ ሄዱ፤ በ1940ም የማኅበሩን የሕግ መከላከያ ድርጅት አቋቁመው መሪው ሆኑ።

አሁን ስለ ምርጫው ነገር ጥቂት ማስረዳት ይገባናል። በአሜሪካ ሁለት ዐይነት ሕግ አለ፤ አንዱ የየግዛቱ ሕግ ሲሆን ሁለተኛው የፌዴራሉ መንግሥት ሕግ ነው። ከእርስ በርስ ጦርነታቸው በኋላ በ1870 የጸደቀው የሕገ መንግሥቱ 15ኛ ማሻሻያ ማንም ሰው በዘሩ ወይም በቀለሙ ምክንያት ከመምረጥ እንዳይከለከል ይደነግጋል፤ ኮንግሬስም ይህን የሚያስፈጽም ሕግ ለማውጣት ሥልጣን ተሰጥቶታል። የደቡብ ግዛቶች ግን ቀለም የሚለውን ቃል ሳይጠሩ መንገድ ፈለጉ። ድኻ እንዳይመርጥ የራስ ግብር ጣሉ፤ ያልተማረ እንዳይመርጥ የንባብ ፈተና አወጡ፤ ፈታኙም የፈለገውን የሚጥል የፈለገውን የሚያሳልፍ ሆነ።

ከሁሉ የከፋው ግን የነጮች ቅድመ ምርጫ የሚባለው ነበር። በደቡብ የዲሞክራቲክ ፓርቲ ተፎካካሪ ስላልነበረው ፓርቲው በቅድመ ምርጫ ያቀረበው ሰው ኖቬምበር ሲመጣ መመረጡ የታወቀ ነው። እንግዲህ ጥቁሩ ከቅድመ ምርጫው ከተባረረ በኋላ በኖቬምበር ቢመርጥ ምን ይጠቅመዋል? ቴክሳስ ይህን ክልከላ በሕግ ስታወጣ፣ የኤል ፓሶው ሐኪም ዶክተር ሎውሬንስ ኒክሰን ከሰው በ1927 ሕጉን አሻሩት። ግዛቲቱ ሥልጣኑን ለፓርቲው ኮሚቴ ሰጠች፤ ሐኪሙ በ1932 እንደ ገና ረቱ። ከዚያ ፓርቲው ራሱ በጉባኤው ጥቁሮችን ከለከለ። በ1935 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፓርቲ የግል ማኅበር ስለ ሆነ የፈለገውን አባል ሊመርጥ ይችላል ብሎ ያለ አንድ ተቃዋሚ ፈረደ። ሁለት ጊዜ የረታው ወገን በሦስተኛው ባዶ እጁን ቀረ።

ማርሻል ነገሩን ያነሡት እዚህ ላይ ነው። ሎኒ ስሚዝ የሚባሉ የሂውስተን የጥርስ ሐኪም በ1940 በቅድመ ምርጫ የምርጫ ወረቀት ቢጠይቁ ተከለከሉ። ማርሻልና ጓደኞቻቸው ስለ እርሳቸው በምርጫ አስፈጻሚው ላይ 5,000 ዶላር ካሣ የሚጠይቅ ክስ መሠረቱ። ክሱ የቆመው ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ወጥተው በነበሩ አሮጌ የፌዴራል ሕጎች ላይ ነበር። በታችኛው ፍርድ ቤት ተረቱ፤ በይግባኝም ተረቱ። በዚህ መካከል ግን በ1941 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሉዊዚያና ስለ ተደረገ የምርጫ ማጭበርበር በቀረበ ሌላ ጉዳይ ቅድመ ምርጫ የምርጫው አንድ ክፍል መሆኑን ፈርዶ ነበር። ማርሻል ይህን ይዘው ቀረቡ። ኤፕሪል 3 ቀን 1944 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በስምንት ድምፅ ለአንድ ፈረደላቸው። ቅድመ ምርጫውን የሚያዘውና ሥርዐቱን የሚወስነው የግዛቲቱ ሕግ ከሆነ ፓርቲው የሚሠራው የግዛቲቱን ሥራ ነው፤ ስለዚህ ሕገ መንግሥቱ ይይዘዋል ማለት ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የተሰጠው ፍርድ ተሻረ።

ይህን ስናነብ ታሪኩ ያለቀ መስሎን ነበር። ነገር ግን በዚያው በ1944 የሳውዝ ካሮላይና አገረ ገዥ ምክር ቤቱን በአስቸኳይ ሰብስበው ስለ ቅድመ ምርጫ የሚናገሩትን የግዛቲቱን ሕጎች በሙሉ፣ ወደ 150 የሚጠጉትን፣ አሻሩ። ሕግ ከሌለ ፓርቲው በእርግጥ የግል ክበብ ነው ለማለት ነው። ይህን ለማፍረስ ሌላ ክስ አስፈለገ፤ ማርሻልና ጓደኞቻቸው በ1947 ረቱ። አላባማ ደግሞ በ1946 ለመመዝገብ የሚመጣ ሰው የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ ተረድቶ እንዲያብራራ የሚያዝ ደንብ አወጣች፤ ማብራሪያው መልካም መሆኑን የሚወስነው መዝጋቢው ነው። ይህም በ1949 በሌላ ክስ ተሻረ። በቴክሳስም በአንድ አውራጃ ጄይበርድ የሚባል የነጮች ማኅበር ከቅድመ ምርጫው በፊት የራሱን ምርጫ ያደርግ ስለ ነበር እርሱን ለማስቆም እስከ 1953 ድረስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መድረስ አስፈለገ። ጠበቆቹ አንዱን በር ሲያስከፍቱ ግዛቶቹ ሌላውን ይዘጉ ነበር፤ እያንዳንዱም ክስ ገንዘብ፣ ዓመታትና ደፋር ከሳሽ ይጠይቅ ነበር።

ድፍረቱ ቀላል ነገር አልነበረም። በ1946 ማርሻል በቴነሲ ግዛት በኮሎምቢያ ከተማ ተሟግተው ሲመለሱ ፖሊሶች መንገድ ላይ አስቁመው ሰክሮ መኪና ነድቷል በሚል ሐሰተኛ ምክንያት ያዟቸው፤ ወደ ወንዝ በሚወስድ የጓሮ መንገድም ይዘዋቸው ሄዱ። ጓደኞቻቸው መኪናውን አንለቅም ብለው ስለ ተከተሉ ብቻ ከሞት ተረፉ። በፍሎሪዳ ጥቁሮችን ለምርጫ ያስመዘግቡ የነበሩት ሃሪ ሙር ግን አልተረፉም፤ በ1951 በልደት በዓል ሌሊት በቤታቸው ሥር በተቀበረ ቦምብ ተገደሉ፤ ባለቤታቸውም ከጥቂት ቀን በኋላ በዚያው ቍስል ዐረፉ።

በ1954 ስለ ትምህርት ቤቶች የተሰጠውን ታላቅ ፍርድ ሁሉም ስለሚያውቀው እናልፈዋለን። በጠበቃነት ዘመናቸው በጠቅላይ ፍርድ ቤት ከተሟገቱባቸው 32 ጉዳዮች 29ኙን እንደ ረቱ ግን መናገር ይገባናል። በ1955 የመጀመሪያ ባለቤታቸው ቪቪያን ዐረፉ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሲሲሊያ ሱያትን አግብተው ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ። በ1961 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የይግባኝ ፍርድ ቤት ዳኛ አድርገው ሾሟቸው።

በዚህ ጊዜ ኮንግሬስ ጕዳዩን ማየት ጀምሮ ነበር። በ1957 በወጣው ሕግ የፌዴራሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ራሱ ስለ ምርጫ መብት እንዲከስ ሥልጣን ተሰጠው። ይህ መልካም ነበር፤ ግን ክሱ አሁንም በየአውራጃው አንድ በአንድ ነው። ለአንድ ክስ መዝገቦችን ለመመርመር 6,000 የሥራ ሰዓት የፈጀበት ጊዜ ነበር። የሴልማ ከተማ በምትገኝበት በአላባማው የዳላስ አውራጃ አራት ዓመት ሙሉ ከተሟገቱ በኋላ የተመዘገቡት ጥቁሮች ከ156 ወደ 383 ብቻ ከፍ አሉ፤ ለመምረጥ ዕድሜያቸው የደረሰው ግን 15,000 ያህል ነበሩ። እኛ ዘንድሮ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶን በአገራችን ሕግ መራጭ ለመሆን ስለ በቃን ይህን ቍጥር ደጋግመን አየነው።

ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1965 ማርሻልን የመንግሥት ዋና ነገረ ፈጅ እንዲሆኑ ጠሯቸው። የዳኝነቱ ሹመት ለዕድሜ ልክ ነበር፤ አዲሱ ግን ፕሬዚዳንቱ በፈለጉ ጊዜ የሚቀር ነው፤ ደመወዙም ያንሳል። ማርሻል ግን ተቀበሉ። ኦገስት 6 ቀን 1965 የምርጫ መብት ሕግ የሚባለው ተፈረመ።

የዚህን ሕግ አሠራር ካላስረዳን የቀረው አይገባም። ሕጉ የንባብ ፈተናዎችን በብዙ የደቡብ ግዛቶች ወዲያውኑ አገደ። የፌዴራል መዝጋቢዎች ወደ አውራጃዎች እንዲላኩ አደረገ። አምስተኛው ክፍል ደግሞ ነገሩን ገለበጠው፤ በቀድሞ ሥራቸው የተነሣ በሕጉ የተያዙት ግዛቶች፣ ከእነርሱም አላባማ፣ ሚሲሲፒ፣ ሉዊዚያና፣ ጆርጂያ፣ ሳውዝ ካሮላይናና ቨርጂኒያ የሚገኙበት፣ የምርጫ ደንባቸውን ለመለወጥ በፈለጉ ጊዜ አስቀድመው ከጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ወይም በዋሽንግተን ካለው ፍርድ ቤት ፈቃድ ማግኘት ነበረባቸው። ለውጡ ጥቁሩን የማይጎዳ መሆኑን ማስረዳት የግዛቲቱ ሸክም ሆነ። ቀድሞ ጥቁሩ ከተጎዳ በኋላ ከሶ ያስረዳ ነበር፤ ከሕጉ በኋላ ግን ግዛቲቱ ሳትጎዳ በፊት ታስረዳ ነበር። በሚሲሲፒ ከሕጉ በፊት ከመቶ ጥቁሮች ሰባት ያህሉ ብቻ ተመዝግበው ነበር፤ በ1967 ስድሳ ያህል ሆኑ። ማርሻልና ጓደኞቻቸው በሃያ ዓመት ሙግት ያላገኙት በሁለት ዓመት ተገኘ።

ሳውዝ ካሮላይና ሕጉ ይሻርልኝ ብላ ከሰሰች፤ ማርቸ 7 ቀን 1966 ተረታች። ማርሻልም በዚያው ወር ስለ መንግሥት ቀርበው በተከራከሩበት በሌላ ጉዳይ በቨርጂኒያ የሚከፈለው የአንድ ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም የራስ ግብር ተሻረ። በ1967 ፕሬዚዳንቱ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አጯቸው፤ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤትም በ69 ድምፅ ለ11 አጸደቀ። በዚያ ፍርድ ቤት የተቀመጡ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆኑ።

ከዳኝነት ዘመናቸው ሁሉ እኛን ያስደነቀን አንዲት ቀን ናት፤ ይህችውም ኤፕሪል 22 ቀን 1980 ናት። በዚያች ቀን ፍርድ ቤቱ ስለ ሁለት ከተሞች ፈረደ። አንደኛዋ በጆርጂያ ያለችው ሮም የምትባል ከተማ ናት። ይህች ከተማ የምርጫ ደንቧን ለውጣ በዙሪያዋ ያሉ ቦታዎችንም ጨምራ ነበር፤ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ግን ለአንዳንዶቹ ለውጦች ፈቃድ ከለከለ። የታችኛው ፍርድ ቤት ከተማዪቱ ክፉ ሐሳብ እንዳልነበራት ተቀበለ፤ ሆኖም ውጤቱ ጥቁሮችን የሚጎዳ ነበር። የፍርድ ቤቱን ውሳኔ የጻፉት ማርሻል ናቸው፤ የ1965ቱ ሕግ አምስተኛ ክፍል ሐሳቡን ብቻ ሳይሆን ውጤቱንም ስለሚከለክል፣ ኮንግሬስም እንዲህ ያለ ሕግ ለማውጣት ሥልጣን ስላለው ሮም ተረታች።

ሁለተኛዋ ከተማ በአላባማ ያለችው ሞቢል ናት። በዚያ ጊዜ ከሕዝቧ ከሦስት አንድ ያህሉ ጥቁር ነበር። ሦስቱን የከተማ ኮሚሽነሮች ግን ከ1911 ጀምሮ የሚመርጠው የከተማው ሕዝብ በሙሉ በአንድነት ነበር፤ ነጮቹ ይበዙ ስለ ነበር አንድም ጥቁር ተመርጦ አያውቅም ነበር። ይህ አሮጌ ደንብ እንጂ አዲስ ለውጥ ስላልሆነ አምስተኛው ክፍል አልያዘውም። ከሳሾቹ የተደገፉት በሕገ መንግሥቱና በሕጉ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነበር። ከዳኞቹ ስድስቱ ለከተማዪቱ ፈረዱ፤ ከእነርሱም አራቱ ደንቡ ሆን ተብሎ ጥቁሮችን ለመጕዳት የወጣ መሆኑ ይረጋገጥ አሉ። ማርሻል ተቃውመው ረጅም ጽሑፍ ጻፉ። ሕግ አውጪዎች ክፉ ሐሳባቸውን በጽሑፍ ስለማይተዉ፣ እንዲህ ያለ ማስረጃ መጠየቅ መብቱን ከንቱ ማድረግ መሆኑን አስረዱ። እንግዲህ በአንድ ቀን፣ በአንድ ወንበር የተቀመጡ ያው ሰው፣ ሕጉ ስለ ውጤት በተናገረበት ረቱ፤ ሕጉ በግልጥ ባልተናገረበት ደግሞ ተረቱ።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። ኮንግሬስ በ1982 ሁለተኛውን ክፍል አሻሻለው፤ ከሳሽ ሐሳቡን ሳይሆን ውጤቱን ቢያስረዳ በቂ ሆነ። የሞቢል ከሳሾችም በዚያው ዓመት የታሪክ ምሁራን ያለፈውን መቶ ዓመት ሰነድ እየፈለጉ ባቀረቡት ማስረጃ ክፉ ሐሳቡን አረጋግጠው ረቱ። ለእንዲህ ያለ ምርምር ገንዘብ የሌላቸው ሌሎች ከተሞች ግን በአዲሱ ሕግ ተጠቀሙ። ጁን 20 ቀን 1991 ማርሻል ይህ ሕግ ዳኞች በሚመረጡባቸው ምርጫዎችም ላይ እንዲሠራ ከፈረዱት ስድስት ዳኞች አንዱ ሆኑ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ስለ ዕድሜያቸውና ስለ ጤናቸው ከሥራ መሰናበታቸውን አስታወቁ። ጃንዋሪ 24 ቀን 1993 በ84 ዓመታቸው ዐርፈው በአርሊንግተን ተቀበሩ።

ከሞታቸው በኋላ የሆነውንም ጥቂት እንጨምር። ቴክሳስ ከ1975 ጀምሮ ፈቃድ ከሚጠይቁት ግዛቶች መካከል ነበረች። በ2011 መራጭ ሁሉ ፎቶግራፍ ያለበት የተወሰነ ዐይነት መታወቂያ እንዲያሳይ ሕግ ስታወጣ በዋሽንግተን ያለው ፍርድ ቤት በ2012 ከለከላት፤ ሕጉም በአንድም መራጭ ላይ አልሠራም። ጁን 25 ቀን 2013 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የትኞቹ ግዛቶች ፈቃድ እንደሚጠይቁ የሚወስነውን ክፍል በአምስት ድምፅ ለአራት ሻረ፤ ዝርዝሩ ያረጀ ነው በማለት ነው። በዚያው ዕለት ቴክሳስ ሕጓን እንደምታስፈጽም አስታወቀች። ከዚያ በኋላ ዋናው መንገድ በሁለተኛው ክፍል መክሰስ ሆነ። የታችኛው ፍርድ ቤት በ2014 ከተመዘገቡት መራጮች 600,000 ያህሉ የተፈለገው መታወቂያ እንደሌላቸው አገኘ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በ2016 የሕጉ ውጤት በዘር የሚለይ መሆኑን ፈረደ። ከሳሾቹ ረቱ፤ በመካከሉ ግን በዚያ ሕግ ምርጫዎች ተደርገው አልፈው ነበር።

በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአሪዞና ጉዳይ ሁለተኛውን ክፍል ጠበብ አድርጎ ተረጐመው፤ በ2023 ደግሞ በአላባማ የምርጫ ወረዳ ካርታ ጉዳይ በዚያው ክፍል ለጥቁር ከሳሾች ፈረደ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ከአርካንሳስ የመጣ ጉዳይ ያየ የይግባኝ ፍርድ ቤት በሁለተኛው ክፍል መክሰስ የሚችለው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ብቻ ነው፣ የተጎዳው ሰው ራሱ አይደለም ብሎ ወሰነ፤ ሌላ የይግባኝ ፍርድ ቤት በዚያው ወር የዚህን ተቃራኒ ወስኖ ነበር። ይህን ባነበብን ጊዜ በ1940 የምርጫ ወረቀት ተከልክለው በገዛ ስማቸው ፍርድ ቤት የቆሙት የሂውስተኑ የጥርስ ሐኪም ትዝ አሉን።